ለሥራ ባሕር ዳር ለመጣ ሰው የምጠቁመው ምሳ ቤት

ባሕር ዳር ለሥራ የሚመጣ ወዳጅ ካላችሁ፣ ስለ ኪራይ ቤት ከመጨነቁ በፊት ምሳ የት እንደሚበላ ንገሩት። እኔ የምጠቁመው አንድ ቤት አለ። ታፔላ የለውም። ደንበኞቹ «እቴቴ ቤት» እንለዋለን። ባለቤቷን ትልቁም ትንሹም እቴቴ ነው የሚላት።

ቱሪስት የሚመጣበት ቤት አይደለም። ሐይቁ ከዚያ አይታይም። ጣናን እያየ ዓሣ መብላት የፈለገ በዳርቻው መናፈሻዎች ሞልተውለታል፤ እሑድ እሑድ እኔም እሄዳለሁ። ይሄኛው የሥራ ቀን ቤት ነው። ነርሷ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የመስኖ መሐንዲሱ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ባንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ይበላሉ። አብዛኛው ተመጋቢ የወር ኮንትራት ነው። አብዛኛው ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ከደሴ፣ ከሆሳዕና፣ ከነቀምቴ፣ ከአዲስ አበባ። እኔ ከአዳማ ነኝ። ሥራዬ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ነው።

ስለ ወጡ በደንብ እነግራችኋለሁ። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። «ልምድ ልያዝና እመለሳለሁ» ብሎ የመጣ ሰው ለምን ይቀራል? በየስብሰባው «ባለሙያ አይረጋም» ሲባል እሰማለሁ። ሰው ለምን እንደሚሄድ ሁሉም ያወራል። እዚህ ቤት ግን የረጉትን በየቀኑ አገኛቸዋለሁ፤ ምክንያታቸውንም ከአፋቸው ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ኮንትራቱን ላስረዳ። ደመወዝ ሲገባ የወሩን ትከፍላላችሁ፤ በእጅ ወይም በቴሌብር። ስማችሁ ሰፊ ደብተር ላይ ይጻፋል። በበላችሁ ቀን ጭረት ይሰመራል። ያልበላችሁበት ቀን ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬ ወረዳ ያስወጣኛል። አንድ ጤና ጣቢያ የማምከኛ ማሽኑ ተበላሽቶበት ሲጠራኝ ቀናት እዚያው ልከርም እችላለሁ። ሌላ ቤት ኮንትራት ይዤ ሳለሁ ያልበላሁት ሁሉ ይቆጠርብኝ ነበር። እቴቴ ጋ ያልበላ አይከፍልም።

ደብተሩ ከኋላው ዱቤም አለበት። አዲስ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙ ብዙ ጊዜ ይጓተታል። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ሰውየው ደግሞ የኪራይ ቅድሚያ ከፍሎ ኪሱ ባዶ ሆኗል። እኔም እንደዚያው ሆኜ ነው የመጣሁት። እቴቴ መታወቂያ እንኳ አልጠየቀችኝም።

«የት ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እንግዲያ ብይ። ስትቀበይ ትከፍያለሽ።»

በዚህ ከተማ መጀመሪያ ያመነኝ ሰው እሷ ናት። አሁንም አዲስ ፊት ሲመጣ እንዲሁ ስታደርግ አያለሁ።

የወሩን ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ጤፍና ዘይት በጨመሩ ቁጥር ይለወጣል፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሰው ያሳስታል። ማነጻጸሪያ ግን ልስጥ። ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ሬስቶራንቶች በአንዱ ጉላሽ በለስላሳ በምትበሉበት ብር እዚህ ሁለት ቀን ትበላላችሁ።

እንጀራው የጤፍና የዳጉሳ ቅይጥ ነው። ጠቆር ይላል። ነጭ ማኛ የለመደ ሰው መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። በኋላ ግን ይወደዋል፤ ያጠግባልም። ከሰዓት በኋላ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቁም ነገር ነው። ተጋቢኖው በትንንሽ ሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። ሽሮው ቅመም አልበዛበትም፤ አተሩ አተር አተር ይላል። በያይነቱ ላይ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ጎመን፣ ምስር አለ። ምስሩ አንዳንድ ቀን ይቀጥናል። ጎመኑ ግን ሁሌም ጥሩ ነው። እንዳይጠወልግ ቶሎ ታወርደዋለች።

ዓሣው ነው የቤቱ ነገር። እቴቴ ጠዋት ማለዳ ራሷ ሄዳ ከአስጋሪዎቹ ትገዛለች። ያልመጣ ዓሣ አይጠበስም፤ በረዶ ውስጥ የከረመ አትነካም። ስለዚህ ምናሌ የሚባል ነገር የለም። ትጠይቃላችሁ።

«ዛሬ ምን አለ እቴቴ?»

«አምባዛ አለ የኔ እመቤት። ቆሮሶ ግን አልመጣም።»

ቆሮሶ ሲኖር ሙሉውን ጎን ጎኑን ሰንጥቃ ትጠብሰዋለች። ቆዳው ይኮማተራል፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይፈረከሳል። ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። አምባዛ ስብ አለው፤ ጠረኑም ከበድ ይላል፤ ብዙ ቤት የሚበላሸውም በዚህ ነው። እቴቴ በጨውና በሎሚ አሽታ፣ አጥባ፣ እንደገና ታሸዋለች። ከዚያ ለጉላሽ ትከትፈዋለች። ሽንኩርቱን በደንብ ታቁላላለች፣ ቲማቲሙን ታቀልጣለች፣ ዓሣውን ለብቻው ጠብሳ መጨረሻ ላይ ትጨምረዋለች። ስለዚህ አይፈራርስም። ለብለቡም ዱለቱም አለ። ዱለቱ ሚጥሚጣው ይበረታል፤ «ለዘብ አድርጊልኝ» በሏት።

ነጭ ዓሣ እሾሁ ብዙ ነው። የሚቸኩል ሰው ባያዝ ይሻለዋል። ደግሞ በክረምት መጨረሻ እቴቴ ነጭ ዓሣ አትገዛም። ይህን ያመጣው ከአግዳሚው ሰው አንዱ ነው፤ የዓሣ ሀብት የሚያስተምር መምህር። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። አስጋሪው ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ዓሣው ሳይራባ ያልቃል። መምህሩ ይህን እየበላ አስረዳት። እሷም ሰማችው። በዚያ ወቅት ሆዱ ዕንቁላል የያዘ ዓሣ ይዞ የመጣላትን ትመልሳለች። አንድ ምሳ ቤት ሐይቁን አያድነውም። ግን አንድ መምህር የሚያስተምረው ነገር መጥበሻ ላይ ሲደርስ ማየት ደስ ይላል። እሱም ራሱ ከሩቅ መጥቶ የቀረ ሰው ነው። ለምን እንደቀረ ስጠይቀው «የማጠናው ነገር እዚህ ነዋ ያለው፤ አዲስ አበባ ሄጄ ምን ልይ?» አለኝ።

በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በዐቢይ ጾም ከአግዳሚው አይጠፋም። አንዱ ይበላል፤ አንዱ ፊቱን ያዞራል። እቴቴ አትዳኝም። ለዓሣው የተለየ መጥበሻ፣ የተለየ ዘይትና የተለየ ማማሰያ አላት። የማይበላው ሰው ልቡ አይጠራጠርም። ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ቤት ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ።

እዚህ ቤት አንድ ቀን ከቀራችሁ በማግሥቱ ትጠየቃላችሁ። «ትናንት የት ጠፋሽ? ስልክሽም አይነሣ።» እንደዚያ ነው። ብቻውን ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ባጃጅ ሾፌሩ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ በር አንኳኳ። እቴቴ ናት የላከችው። እናቴ አዳማ ሆና ስልክ ላይ ስትጨነቅ «ሰው አለኝ» ያልኳት ያን ቀን ነው።

ሌላው ሥራችሁ ፊት ለፊት መታየቱ ነው። አንድ ጊዜ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ጠገንኩ። ከሕፃኑ ቆዳ ላይ ሙቀት የምትለካው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ እሷ እየጮኸ ይቆማል። ትርፍ ዕቃ አልነበረም። ከተጣለ ማሽን ላይ የምትስማማ ፈልጌ፣ በጥሼ፣ በይጄ፣ ንባቧን ከቴርሞሜትር ጋር አስተያይቼ አስገባኋት። በማግሥቱ ምሳ ላይ የሕፃናት ክፍል ነርሷ ከጎኔ ተቀመጠች። እንጀራውን ሳትቆርስ «ማሞቂያሽ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፤ መንታዎቹን አሳደርንበት» አለችኝ። የደመወዝ ጭማሪ የሚሰጠኝን ደስታ አውቀዋለሁ። ይህኛው ይበልጣል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ብሆን የጠገንኩት ማሽን ለማን እንደሠራ ላላውቅ እችላለሁ። እዚህ ምሳ ላይ ይነገረኛል።

ገንዘብ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ የሕክምና መሣሪያ አስመጪዎች አሉ፤ ለእኛ ሙያ የተሻለ ይከፍላሉ። ጥሪው ደርሶኝ ያውቃል። ሂሳቡን የሠራነው እዚሁ አግዳሚ ላይ ነው። የባንክ ሠራተኛው የደብተሩን ጀርባ ገልጦ ጻፈው። የደመወዙን ልዩነት በላዩ፣ የቤት ኪራዩንና የትራንስፖርቱን ልዩነት በታቹ። ቀናንሶ የቀረውን አሳየኝ። የሚናቅ ብር አልነበረም። «ለዚህ ብር ስትዪ ጠዋትና ማታ ታክሲ ሰልፍ ትቆሚያለሽ፤ ሥራውም መሸጥ እንጂ መጠገን አይሆንም» አለኝ። እኔ በብስክሌት ነው ሥራ የምሄደው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ጥላ አለው። ማታ ስወጣ አልደከመኝም። አሰብኩበት፤ ቀረሁ። ሌላ ሰው፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ በዚያው ሂሳብ ሊሄድ ይችላል። ትክክል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ ከዋና ከተማ ርቆ እንዲቆይ ምን ይደረግ የሚል ምክረ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቶ በ2021 አድሶታል። እዚያ ውስጥ ገንዘብ አለ። ግን ለብቻው አይደለም። ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበል፣ የኑሮ ሁኔታን ማሻሻል፣ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ፣ የሙያ ዕድገት፣ ከባልደረቦች ጋር መገናኘትና ዕውቅና አብረው ተቀምጠዋል። ሳነበው እቴቴ ቤት ትዝ አለኝ። ከወረዳ ዕቃ ሊያወጣ የመጣ የላብራቶሪ ባለሙያ እዚህ ምሳ ሲበላ ያ ግራ ያጋባውን ሴንትሪፊዩጅ፣ የደም ናሙና የሚያሽከረክረውን ማሽን፣ የሚያውቅ ሰው ያገኛል። ስልክ ይለዋወጣሉ። ወረዳው ተመልሶ ሲቸግረው ይደውላል። እኔ ራሴ ብዙ ጥገና በስልክ የመራሁት እዚህ ላገኘኋቸው ሰዎች ነው። ብቻውን የቀረ ባለሙያ ቶሎ ይለቃል፤ የሚጠይቀው ያለው ይቆያል።

ማዕዘኑ ላይ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኛ ናቸው። ባሕር ዳር የሠራተኛ ከተማ የሆነችው ከእኛ በፊት መሆኑን ያስታውሱናል። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም ተከፈተ። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም ተከተለ። ሁለቱም ከየአገሩ ወጣት ስበዋል። በ1992 ዓ.ም ፖሊና ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ጋሼ የመጡት ከወሎ ነው፤ ፈትል ክፍል ገቡ። ማደሪያቸው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ነበር፤ ዕቁብ ገቡ፣ ዕድር ገቡ፣ አገቡ፣ ቀሩ። «እኛን ያስቀረን ፋብሪካው አይደለም፤ ዕድሩ ነው» ይላሉ። ዕድር ያለው ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን የሚያስተዛዝነው አለ። ያ ያለውን ከተማ ሰው እንዴት ጥሎ ይሄዳል ነው ነገራቸው። እኔም አምና ዕድር ገባሁ። ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

ክፉ ጊዜም መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ይዘጋል። ሱቅ የሚዘጋበት፣ ባጃጅ የሚጠፋበት ቀን አለ። በነዚያ ቀኖች ዓሣ አልመጣም። እቴቴ ባለው ሽሮና ድንች አበላችን። ወደ ቤቱ መሄድ ያልቻለው ልጅ ጓዳዋ አጠገብ ፍራሽ ተነጥፎለት አደረ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ከደብተሩ ታያለች፤ የቀረውን በጎረቤት ታስጠይቃለች። ያኔ የለቀቁ አሉ። አልፈርድባቸውም። ሕፃን ልጅ ይዞ በተኩስ ድምፅ መሃል መክረም ለሰው የሚመከር ነገር አይደለም። ሰላም ከሌለ ምሳ ቤትም፣ ዕድርም፣ የሙያ ፍቅርም ብቻቸውን ሰው አያስቀሩም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

በሰላሙ ጊዜም የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በብዛት ያየሁት የትዳር ነገር ነው። ባል እዚህ፣ ሚስት ሐዋሳ። የዝውውር ማመልከቻ ይጻፋል፤ መልስ አይመጣም። በመጨረሻ አንዱ ሥራውን ይለቃል። ጎበዝ የማደንዘዣ ባለሙያ በዚህ ምክንያት አጥተናል። ሌላው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ዕድሉ የተከለከለ ሰው ይከፋዋል። ሰውን ማቆየት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ሁለቱ መልስ ቢኖረው ኖሮ አግዳሚው ላይ ክፍት ቦታ አይኖርም ነበር።

የቤቱን ጉድለት ልናገር። የእጅ መታጠቢያው አንድ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ሰልፉ ደጅ ይደርሳል። ውኃ የሚጠፋበት ቀን በጆግ ነው። አግዳሚው መደገፊያ የለውም፤ ወገብ ያመመው ሰው ይቸገራል። ከሰሉ ከውስጥ ስለሚቀጣጠል ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ መስኮቱ አጠገብ ብትቀመጡ ይሻላል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም። ቡናው ሲፈላ ያምራል፤ ግን ይዘገያል፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሥራ የሚገባ ሰው ሳይጠጣ ይሮጣል። ደረሰኝ የለም፤ በአበል የመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ራት አይሠራም። ለብቻው ለሚኖር ሰው ራቱ ነው ከባዱ፤ እቴቴን ስንለምናት «እኔስ መቼ ልተኛ?» ትላለች። እውነቷን ነው። አንዲት ረዳት ብትጨምር ግን ሰልፉም ቡናውም ይቀል ነበር። ይህን ነግሬያታለሁ፤ እያሰበችበት ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ባጃጅ ይዛችሁ ጊዮርጊስ ጋ ውረዱ። ከዚያ ኮብልስቶኑን ይዛችሁ «እቴቴ ቤት» በሉ፤ ልጆቹ ያደርሷችኋል። እሑድ ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ብቻ ነው፤ ለሚበላው ዓሣ አለ። ዓሣ የፈለገ ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረስ። ኮንትራት መያዝ የፈለገ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይምጣ። ግርግሩ በርዶ እቴቴ ደብተሩን ይዛ የምትቀመጠው ያን ጊዜ ነው።